ረጅም ሣር ሁሉ አረም አይደለም
በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የተፈጥሮ አጸድ ስለ መትከልና ስለሚያስፈልገው ደንብ

ሐምሌ ሲጋመስ በአዳማ (ናዝሬት)፣ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ (ዝዋይ) ወይም በመተሐራ ግቢ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። የዝናቡ ሣር ጉልበት ደርሷል፤ ይታጨድ ወይስ ይቆይ? አብዛኛውን ጊዜ መልሱን የሚሰጠው ባለ ግቢው ሳይሆን ጎረቤትና የጽዳት ተቆጣጣሪ ነው። ረጅም ሣር በብዙዎች ዓይን የቸልተኝነት ምልክት ሲሆን፣ አጭርና ወጥ ሆኖ የተከረከመ ሣር ወይም እስከ አፈሩ የተላጨ ግቢ ግን የንጹሕ ቤት ምልክት ተደርጎ ይታያል።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ይህ አስተያየት ለእኛ አካባቢ አየር፣ አፈርና ውሃ የማይስማማ መሆኑን ለማስረዳትና በምትኩ የተፈጥሮ አጸድ እንዴት ሊተከል እንደሚችል ለማሳየት ነው። የተፈጥሮ አጸድ ስንል በአካባቢው ዝናብ የሚኖሩ ሣሮች፣ ቁጥቋጦዎችና ዛፎች ታስቦባቸው የተተከሉበትን፣ የሚታረምና የሚጠበቅ ቦታ ማለታችን ነው። ዝም ብሎ የተተወ ግቢ አጸድ አይባልም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከዚህ በታች ደጋግመን የምንመለስበት ነገር ስለሆነ አንባቢው ከወዲሁ ልብ እንዲለው እንፈልጋለን።

ደንቡ የሚለካው ስፋትን ነው

የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 በ2000 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ የአገራችን ከተሞች የሚመሩት በመዋቅራዊ ፕላንና በአካባቢ ልማት ፕላን ነው። ፕላን ሲዘጋጅ ከመሬቱ 30 በመቶው ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ለክፍት ቦታ፣ የቀረው 40 በመቶ ለግንባታ ይሁን የሚለው መመሪያም በከተማ ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ነው። በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ አሻራ የችግኝ ተከላ ተጀመረ። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማትም አዳማን ጨምሮ ወደ ሌሎች ከተሞች በመሸጋገሩ በመንገድ ዳርና አካፋይ ላይ ብዙ የጌጥ ሣር ተነጥፏል።

እነዚህ ሁሉ ለአረንጓዴ ቦታ ክብር የሰጡ ናቸው። ይሁን እንጂ 30 በመቶ ሲባል የሚለካው ስፋት እንጂ የተክሉ ዓይነት አይደለም። በየቀኑ ውሃ የሚጠጣ የጌጥ ሣርም፣ ያለ ውሃ የሚከርም ሰንበሌጥና ግራርም በወረቀት ላይ እኩል አረንጓዴ ናቸው። በመሬት ላይ ግን በጣም ይለያያሉ።

የአንድ መቶ ካሬ ሜትር ሣር ውሃ

ሂሳቡን እንሥራ። በአዳማና በአካባቢው የሚዘንበው ዝናብ በዓመት በአማካይ 800 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ያልቃል። ከጥቅምት ጀምሮ ሰማዩ ይጠራል፣ ነፋሱም ይበረታል። በበጋው ወራት ፀሐይና ነፋስ ከአፈርና ከቅጠል የሚወስዱት ውሃ በቀን ወደ 5 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ለምለም ሆኖ እንዲቆይ የሚፈለግ የተከረከመ ሣር ከዚህ ውስጥ ቢያንስ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትሩን መመለስ ይኖርበታል። አንድ ሚሊ ሜትር ውሃ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ስለሆነ 100 ካሬ ሜትር የጌጥ ሣር በቀን ከ300 እስከ 400 ሊትር ይጠጣል ማለት ነው። ይህም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከ15 እስከ 20፣ ወይም ከአንድ በርሜል ተኩል እስከ ሁለት በርሜል ውሃ ነው።

ይህ ውሃ ከየት ይመጣል? የአዳማ ከተማ የቧንቧ ውሃ የሚጠለፈው ከአዋሽ ወንዝ ሲሆን ተጣርቶና በፓምፕ ተገፍቶ ነው ወደ ከተማው የሚደርሰው። የከርሰ ምድር ውሃ ይቆፈር እንዳይባል የስምጥ ሸለቆ ጉድጓድ ውሃ ብዙ ቦታ ላይ ፍሎራይዱ ከመጠን ያለፈ ነው፤ በወንጂ አካባቢ ጥርስንና አጥንትን ምን ያህል እንደጎዳ የታወቀ ነው። ስለዚህ ተጣርቶ የመጣ ውሃ ለሰው ጉሮሮ ሳይዳረስ በሣር ላይ ሲፈስ ማየት፣ ሙያችን ተክል ማብቀል ለሆነው ለእኛ እንኳ ደስ አያሰኝም።

ውሃ ለመቆጠብ ሲባል ግቢን ጨርሶ መላጨትስ? ይህ ደግሞ የባሰ ነው። የአዳማ አፈር አብዛኛው ከእሳተ ገሞራ አመድና ከቀላል ድንጋይ የተሠራ፣ ልልና ብስባሽ ያነሰው አፈር ነው። የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ሲመታው ላዩ እንደ ቅርፊት ስለሚደርቅ ውሃ አያሰርግም፤ ጎርፉ ከግቢ ወደ መንገድ፣ ከመንገድ ወደ ቦይ ይነጉዳል። አዳማ በኮረብታዎች መካከል የተቀመጠች ጎድጓዳ ከተማ በመሆኗ ከዳገት የሚወርደው ጎርፍ በየክረምቱ የሚያደርሰውን የሚያውቅ ያውቀዋል። በበጋ ደግሞ ያው የተላጨ አፈር አቧራ ይሆናል። ስለ አዳማ ነፋስ ማስረጃ መጥቀስ አያስፈልግም፤ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ኤሌክትሪክ የሚያመነጩት የነፋስ ተርባይኖች በኮረብታው ላይ ይታያሉ።

ማጨድ የማያጠፋው አረም

ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ረጅም ሣር ይታጨድ የሚሉ ሰዎች አንድ እውነተኛ ስጋት አላቸው፤ እሱም አረም ነው። በከተሞቻችን ከሁሉ የከፋው የግቢና የመንገድ ዳር አረም ቅንጨ አረም ሲሆን በኦሮሚያ ምሥራቃዊ አካባቢዎች ፈረምሲሳ ይባላል፤ ሳይንሳዊ ስሙም ፓርቴኒየም ሂስቴሮፎረስ ነው። የትውልድ ቦታው የአሜሪካ ሞቃት አገሮች ነው። በእኛ አገር በድሬዳዋና በሐረርጌ አካባቢ የታየው በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ ሲሆን ከዚያ ወዲህ በመኪና ጎማ፣ በአሸዋና በጠጠር ጭነት፣ በእህልና በጎርፍ እየተጓዘ ስምጥ ሸለቆን አዳርሷል። አንድ ተክል ከ15,000 እስከ 25,000 ዘር ሊሰጥ ይችላል። ከበቀለ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ያብባል። ቆዳን ያሳክካል፣ ያቆስላል፤ ብናኙ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ የበላችው ላም ወተቷ ይመርራል።

ታዲያ ይህን አረም በማጨድ ማጥፋት ይቻላል? አይቻልም። ቅንጨ አረም በልጅነቱ ቅጠሉን እንደ ሰፌድ መሬት ላይ ዘርግቶ ስለሚተኛ የማጨጃው ስለት ከላዩ ያልፋል። ካደገ በኋላ ቢቆረጥም ከአንገቱ ቅርንጫፍ አውጥቶ ሣር ከመሰለ ቁመት ላይ ያብባል። በየሳምንቱ በሚከረከም ሣር መካከል ነጫጭ አበባውን አውጥቶ ያየ ሰው ይህን ይመሰክራል። የተላጨና የተቆፋፈረ አፈር ደግሞ ከሁሉ የሚመቸው ማረፊያው ነው። የሚፈራው ጥላንና ሽሚያን ነው፤ ጠንካራ የሣር ሽፋን ባለበት፣ ፀሐይ አፈሩን በማታገኝበት ቦታ ችግኙ ይቀጭጫል።

እንግዲህ የሣር ቁመትን ብቻ የሚለካ ደንብ ሁለት ጊዜ ይስታል። ጠቃሚውን ሰንበሌጥ ረዝመሃል ብሎ ያስቆርጣል፤ መሬት ላይ የተኛውን ቅንጨ አረም ግን አጭር ስለሆነ ያሳልፈዋል።

የሌሎች አገሮች ልምድም ወደዚህ የሚያመለክት ነው። በአሜሪካ ብዙ ከተሞች ሣሩ ከተወሰነ ቁመት ያለፈ ባለ ቤት ይቀጣ ነበር፤ ዛሬም የሚቀጣበት አለ። የሚኒሶታ ክፍለ ግዛት ግን በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ ከተሞች በዕቅድ የተተከለና የሚጠበቅ የተፈጥሮ አጸድን እንዲፈቅዱ አስገድዷል፤ ተክሉ ከ8 ኢንች፣ ማለትም ከ20 ሣንቲ ሜትር ገደማ ቢያልፍና ዘር ቢያፈራም እንኳ። ሕጉ ከፈቃዱ ያስቀራቸው ነገሮች የበለጠ ትምህርት ይሰጡናል። አደገኛ ተብለው የተዘረዘሩ አረሞች በአጸዱ ውስጥ ሊኖሩ አይችሉም፤ ወደ ተፈጥሮው ይመለስ ተብሎ ያለ ጠባቂ የተተወ የሣር ሜዳም አጸድ አይባልም። በበረሃማዋ የኔቫዳ ክፍለ ግዛት ደግሞ በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ በላስ ቬጋስ አካባቢ ሰው ለማይጫወትበትና ለማይቀመጥበት፣ ለጌጥ ብቻ ለተነጠፈ የመንገድ ዳርና የድርጅት ሣር የወንዝ ውሃ መስጠት በ2027 እ.ኤ.አ. እንዲቀር ወስኗል። እኛ እንደ እነርሱ ባለ ጸጋ ሳንሆን እነርሱ የሚነቅሉትን ሣር በብዙ ውሃ መትከላችን ሊያሳስበን ይገባል።

ስለ ወባ ትንኝና ስለ እባብ

ከአረም ቀጥሎ የሚነሳው ሥጋት ትንኝ ነው። የወባ ትንኝ እንቁላሏን የምትጥለው በውሃ ላይ እንጂ በሣር ላይ አይደለም። በቅጠል ሥር ቀን ልታርፍ ትችላለች፤ የምትራባው ግን በቆመ ውሃ ነው። በተለይ በአገራችን መጀመሪያ በቀብሪ ደሃር በ2016 እ.ኤ.አ. የተገኘችው አኖፊሊስ ስቴፈንሲ የተባለችው ዝርያ የከተማ ትንኝ ናት። በበርሜል፣ በውሃ ማጠራቀሚያ ታንከርና ለግንባታ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ትፈለፈላለች። በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተማ ከተነሣው የወባ ወረርሽኝ ጋር የተያያዘችው እርሷ ናት። እንግዲህ ክዳን የሌለው በርሜል አጠገብ ቆሞ ሣር ማጨድ ድካም ብቻ ነው። የጌጥ ሣር ለማጠጣት ውሃ በክፍት ዕቃ የሚያጠራቅም ቤት ትንኙን ራሱ ያረባል።

የእባብ ነገር ግን በከንቱ የሚነሳ አይደለም። እባብና አይጥ የሚደበቁት ጥቅጥቅ ባለ ሣር፣ በድንጋይ ክምር፣ በእንጨት ቁልልና በቆሻሻ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከቤቱ ግድግዳና ከመተላለፊያ መንገድ ዳር ቢያንስ ሁለት ሜትር ስፋት ሣሩ አጭር ሆኖ እንዲቆይ፣ ክምር እንዳይኖርም እንመክራለን። ሕፃናት ለሚጫወቱበት ቦታም ሰርዶ ይበቃል፤ ማንም ልጆች በሰንበሌጥ ውስጥ ኳስ ይጫወቱ አላለም።

ምን ዓይነት ደንብ?

የከተማ አስተዳደሮችና የቀበሌ ጽሕፈት ቤቶች በአረንጓዴ ቦታና በጽዳት መመሪያዎቻቸው ውስጥ ከቁመት ይልቅ የሚከተሉትን ቢጠይቁ ይበጃል ብለን እናምናለን። መጀመሪያ የተክሉ ዓይነት ነው፦ ቅንጨ አረም፣ ፕሮሶፒስና የወፍ ቆሎ በግቢውና በግቢው ፊት ለፊት እንዳይኖሩ። ፕሮሶፒስ በአዋሽ ሸለቆ የግጦሽ መሬት ላይ ያደረሰው ጉዳት የታወቀ ነው። የወፍ ቆሎ ለአበባው ሲባል ለአጥር ይተከላል፤ ይሁንና ፍሬውን ወፎች በልተው በየቦታው ይዘሩታል፣ ቅጠሉም ከብት ይመርዛል። አበባ ማማር መመዘኛ አይሆንም፤ በ1957 ዓ.ም. ገደማ በቆቃ ሐይቅ የታየው እምቦጭም አበባው እጅግ ያማረ ነው። ሁለተኛው የቆመ ውሃ እንዳይኖር፣ በርሜልና ታንከር እንዲከደን ነው። ሦስተኛው ከላይ የተናገርነው ሁለት ሜትር ነው። አራተኛውም በበጋ የደረቀ ሣር ለእሳት እንዳይዳርግ በጊዜው እንዲቆረጥ ነው። እነዚህን አራት ያሟላ ግቢ ሣሩ እስከ ወገብ ቢደርስ ቅጣት አይገባውም። ያላሟላ ግን በየሳምንቱ ቢከረከምም ጥፋት አለበት።

እንዲህ ያለ ደንብ ለመሥራት ተቆጣጣሪው አረሙን ለይቶ ማወቅ አለበት። ይህ ከባድ አይደለም። የቅንጨ አረም ቅጠል የካሮት ቅጠል ይመስላል፣ ግንዱ ቁመቱን ተከትሎ መስመር አለው፣ አበባው ጥቃቅንና ነጭ ነው። የግማሽ ቀን ትምህርት ይበቃዋል።

አጸዱ እንዴት ይተከላል?

ሥራው የሚጀምረው በግንቦት ነው። አፈሩን በጥልቀት መቆፈር አያስፈልግም፤ እንዲያውም ቁፋሮ የተኛውን የአረም ዘር ያነሣል። ከጣራና ከዳገት የሚመጣው ውሃ የት እንደሚያልፍ አስቀድሞ ማየት፣ በመንገዱም ላይ ጨረቃ መሰል ዝቅተኛ እርከኖችን መሥራት ያስፈልጋል። እርከኑ ውሃውን በሁለት ቀን ውስጥ አስርጎ መጨረስ አለበት፤ በሞቃት አየር የትንኝ እጭ አንድ ሳምንት ገደማ ቆይቶ ስለሚበርር ከዚያ በላይ ውሃ የሚይዝ ጉድጓድ ይደፈን።

የሰኔ ዝናብ አፈሩን ሲያርሰው ሰርዶ በየ25 ሣንቲ ሜትሩ በቁራጭ ይተከላል። ሰርዶ የራሳችን ሣር ነው፤ በበጋ ይቢጫል፣ ዝናብ ሲመጣ ከሥሩ ይነሣል። ከቤት ራቅ ባለው ቦታ የሰንበሌጥ ጉጦችን ከፍሎ በየግማሽ ሜትሩ መትከል ይቻላል። ጠጅ ሣርም ይስማማዋል፤ ተዳፋት በሆነ ቦታና በቦይ ዳር ደግሞ ቬቲቨር ከ10 እስከ 15 ሣንቲ ሜትር ተጠጋግቶ በአንድ መስመር ቢተከል አፈሩን አጥብቆ ይይዛል። ቬቲቨር ከውጭ የመጣ ቢሆንም በዘር የማይዛመት በመሆኑ አያሰጋም።

ለአጥርና ለጥግ ክትክታ፣ አጋምና ደደሆ ድርቅን የሚችሉ ናቸው፤ በ1.5 ሜትር ርቀት ይተከሉ። እሬት ድንጋያማ ቦታን ያለብሳል፣ ለንብም አበባ ይሰጣል። ለጥላ ግራር ወይም ገርቢ ይመረጣል። ገርቢ በክረምት ቅጠሉን አራግፎ በበጋ የሚለመልም ዛፍ ስለሆነ ጥላው የሚገኘው በሚያስፈልግበት ወቅት ነው። ቁልቋል የሚወድ ሰው ደሙ ዓይን እንደሚጎዳ አውቆ ከልጆች አርቆ ይትከለው። (አዳማ የሚለው ስም በኦሮምኛ ቁልቋል መሰሉን አዳሚ የተባለውን ተክል እንደሚያመለክት ብዙዎች ይናገራሉ። በዱር ተክል የተሰየመች ከተማ የዱር ተክል ብታፍር አያምርባትም።)

የመጀመሪያው ዓመት ከባድ ነው። ሣሩ መሬቱን እስኪሸፍን ድረስ አረም ይቀድመዋል። ስለዚህ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ በየሦስት ሳምንቱ ግቢውን መዞር፣ ቅንጨ አረሙንም ሳያብብ ዝናብ አፈሩን ባለሰለሰ ማግስት ከነሥሩ መንቀል ይገባል። በባዶ እጅ አይነካም፤ ጓንት ወይም ላስቲክ እጅ ላይ ይጠለቅ፣ ክንድም ይሸፈን፤ አስም ያለበት ሰው ለዚህ ሥራ አይመደብ። አብቦ ከተገኘ ሳይራገፍ በማዳበሪያ ከረጢት ገብቶ ይቃጠል ወይም በጥልቅ ይቀበር እንጂ ለኮምፖስት አይደባለቅ። በክረምት 2008 ዓ.ም. በወለንጪቲ የተለቀቀው ቅጠሉን የሚበላ ጢንዚዛ በዚህ ሥራ ሊያግዝ የታሰበ ነው፤ ሆኖም ለአንድ ግቢ ከባለቤቱ እጅ የሚፈጥን ጢንዚዛ የለም።

ችግኞቹ በመጀመሪያው በጋ በሳምንት አንድ ጊዜ ለእያንዳንዳቸው ግማሽ ጀሪካን ገደማ ውሃ ይፈልጋሉ፤ ለዚህም የልብስ እጣቢ ሁለተኛው ውሃ ይበቃል። ሣሩ አይጠጣም። በታኅሣሥ ቢጫ ሆኖ ሲታይ ባለ ቤቱ እንዳይደነግጥ፣ ጎረቤቱም ሞተ እንዳይል ከወዲሁ መንገር ጥሩ ነው፤ ሥሩ ሕያው ነው። በሁለተኛው ዓመት የችግኞቹም ውሃ ይቀራል።

ሰንበሌጡ ዘሩን ካራገፈ በኋላ፣ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያ ባለው ጊዜ፣ ከመሬት ከ10 እስከ 15 ሣንቲ ሜትር ከፍ ተደርጎ በማጭድ ይቆረጣል። ከዚህ ዘግይቶ የቆመ ደረቅ ሣር ለክብሪት የተዘጋጀ ነው። የታጨደው ለበግና ለላም ይሰጣል፤ ከብት የሌለው በችግኞቹ ሥር አራት ጣት ያህል አንጥፎ እርጥበት ይጠብቅበት፣ ግንዱን ግን እንዳይነካ ይጠንቀቅ፤ ምስጥ በዚያ በኩል ይገባል።